አርባ ሻማ

የልጄ ኮቴ ደረጃው መሀል ላይ ሲቋረጥ ሰማሁ። እህቴ፣ እኔ አደጋ መምጣቱን ያወቅኩት በዚያ ነው። የጮኸ የለም፣ የወደቀ የለም። ኮቴ ብቻ ቆመ።

መርሳ፣ አስፋልቱ ዳር ካለው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ሥር ብርቱካንና ማንጎ እቸረችራለሁ። ደረጃው ከጀርባዬ ነው የሚጀምረው። ብዙ ዓመት ስለተቀመጥኩበት የሚወጣውን ሰው ዞሬ ሳላይ በእግሩ እለየዋለሁ። ያን ቀን የምትወጣው ልጄ ነበረች። ዘጠነኛ ክፍል ናት። የፊዚክስ አስተማሪያቸው የሰውን ጉልበት ለክታችሁ ኑ ብሏቸው፣ ሦስት የክፍል ጓደኞቿን አስከትላ እኔ ዘንድ መጣች። ደረጃው ከተማው ውስጥ ካሉት ሁሉ ይረዝማል ተባባሉ። የሰው ሚዛን ከፋርማሲ ተውሰዋል፤ አንዱ በስልኩ ሰዓት ይይዛል፣ አንዷ ትጽፋለች። እየተሯሯጡ ሲወጡና ሲወርዱ፣ ሳቃቸው ሕንፃውን ሲሞላው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ብርቱካን እየላጥኩ አቀብላቸው ነበር።

የልጄ ተራ ሲደርስ ኮቴዋ መጀመሪያ ፈጠን አለ። ከዚያ ዘገመ። ከዚያ ቆመ። ከላይ ያለው ልጅ "ባትሪሽ አለቀ እንዴ? ቻርጅ እናድርግሽ?" አላት። ሳቁ። እሷም አብራቸው ልትስቅ ሞከረች መሰለኝ፣ ግን ከሳቋ ትንፋሿ ቀደመ። አጭር ነው፤ ደረቷ ሳይደርስ ከጉሮሮዋ የሚመለስ ዓይነት ትንፋሽ።

ያን ትንፋሽ አውቀዋለሁ።

ቢላዬን ጥዬ ወጣሁ። ግድግዳውን ተደግፋ፣ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ አገኘኋት። አንገቷ ላይ ያለው የደም ሥር ልብሷን ሊያነሣ እስኪደርስ ይዘላል። "ምንም አልሆንኩም እማ፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው" አለችኝ። አጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ያቺም ድካሟን እንዲሁ ነበር የምታቃልለው።

ያቺ የዴስክ ጓደኛዬ ነበረች። እኔ ትምህርቴን ብዙ አልገፋሁበትም፤ ሰባተኛን አልፌ ስምንተኛን ሳልጨርስ ተዳርኩ። ከዚያች ጥቂት ትምህርት ውስጥ ግን አንድ ቀን እስካሁን እንዳለ ነው። የፊዚክስ ቀን ነው።

ሰፈራችን ከመርሳ በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ ነበር። ጠዋት አብረን እንወርዳለን፣ ከሰዓት አብረን እንወጣለን። እነሱ ክርስቲያን ናቸው፣ እኛ እስላም ነን፤ የሁለታችን ቤት የሚለያየው በአንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ነበር። በነሱ ጾም የኔን ወተት የምጠጣው ከአጥሩ ጀርባ ተደብቄ ነው፣ እንዳትጎመጅ ብዬ። በረመዷንም እሷ ምሳዋን ሳትበላ መልሳ ይዛው ትወጣ ነበር። ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ ቀልደኛ ልጅ ነበረች። የአስተማሪዎቻችንን አካሄድ ስታስመስል እንባችን እስኪመጣ እንስቅ ነበር።

ዳገቱን ስንወጣ ግን ልማድ ነበራት። ጥቂት እንሄድና ድንገት ትቆማለች። ፊቷን ወደ ታች ታዞራለች፤ እጇን ግንባሯ ላይ እንደ ጥላ ትይዝና "ነይ ቁጭ ብለን አገር እንይ" ትላለች። እንቀመጣለን። ከታች የመርሳ የብርቱካን ማሳ ይታያል፤ አበባ ባወጣ ጊዜ ሽታው እስከኛ ድረስ ይወጣል፣ ጣፋጭ ሆኖ ትንሽ የሚመር ሽታ። የወፍጮ ቤቱ ድምፅ ይሰማል። የቆርቆሮው ጣራ ሁሉ በከሰዓቱ ፀሐይ ያበራል። እሷ ዝም ብላ ታያለች። ከዚያ "በቃ፣ እንሂድ" ትላለች። አገር ማየት የምትወድ ልጅ ትመስለኝ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሌላ ምን ይመስለኛል?

አስተማሪው አዲስ የተመደበ ወጣት ነበር። የኮቱ እጅጌ ሁልጊዜ ጠመኔ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግማሹ አይገባንም፤ እሱም ያውቀዋል። አንድ ቀን መጽሐፉን ዘጋና "ተነሡ፣ እንውጣ" አለ። ተሰልፈን ወደ አንድ የእህል ነጋዴ መጋዘን ሄድን። በዚያ ዘመን መርሳ ውስጥ ፎቅ የሚባለው እሱ ብቻ ነበር፤ ታቹ መጋዘን፣ ላዩ አንድ ክፍል፣ በውጭ በኩል የድንጋይ ደረጃ ያለው። አሁን ፈርሶ ቦታው ላይ ሆቴል ቆሞበታል፤ ባለፍኩ ቁጥር ደረጃው የነበረበትን ጎን አየዋለሁ።

አስተማሪው ላይ ወጥቶ ገመድ ወደ ታች አወረደና ቁመቱን ለካ። ቀጥሎ የማሾ ጆንያ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አንድ በአንድ አቆመን። ነጋዴው በሩ ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩና "መምህር፣ ኪሎውን በስንት ነው የምትሰጠኝ? እነዚህ እኮ ገና አልበሰሉም" አሉ። አስተማሪውም ሳቀ። ማሾው አቧራ አለው፤ ጓደኛዬ ሚዛኑ ላይ ሆና ስታስነጥስ "አይ፣ አሁን ቀነስሽ" አሏት ነጋዴው።

አስተማሪው ሲያስረዳን ድምፁ ዛሬም በጆሮዬ አለ። ዎርክ ማለት፣ አለን፣ አንድን ነገር ወደ ላይ ማንሣት ነው። ምንም ባትሸከሙ እንኳ ዳገት ስትወጡ ራሳችሁን ተሸክማችኋል። አንዱ ቀስ ብሎ ቢወጣ፣ ሌላው ሮጦ ቢወጣ፣ ክብደታቸው አንድ ከሆነ የሠሩት ሥራ እኩል ነው። ፓወር የሚባለው ግን ሰዓቱን ይጠይቃል፤ ያንኑ ሥራ ማን ቶሎ ጨረሰው ይላል። መለኪያው ዋት ይባላል። አምፖል ስትገዙ ስልሳ ሻማ፣ መቶ ሻማ የምትሉት እሱ ነው።

ይሄ የመጨረሻው ነው ልባችንን የወሰደው። እኛ ሰፈር መብራት አልነበረም። አምፖል የምናየው ወደ መርሳ ስንወርድ፣ ሱቅ ውስጥ ነው። ሰው አምፖል ነው ሲባል ሁሉም ስንት ሻማ እንደሆነ ለማወቅ ተጋፋ።

እኔ ኮንጎ ጫማዬን አውልቄ ሮጥኩ። ጠዋትና ማታ ከምንጭ ውሃ አዝዬ ዳገት የምወጣ ልጅ ነኝ፤ ባዶዬን ስሆን ደረጃው ምንም አልመሰለኝም። ላይ ስደርስ አስተማሪው ሰዓቱን አየ፣ በጠመኔ ግድግዳው ላይ አባዛና አካፈለ። ሁለት መቶ ሰማንያ። "ይቺ ልጅ አንድ ምግብ ቤት ከነጓዳው ታበራለች" አለ። ወንዶቹ ተናደዱ። ከነሱ የበለጠኝ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም በውፍረቱ።

ቀጥሎ የሷ ተራ ሆነ። ጥቂት ደረጃ ሮጠች። ከዚያ ቆመች። ፊቷን ወደኛ አዞረች፤ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ "ቆዩ፣ አንዴ አገር ልይ" አለች። መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪውም ሳቀ፣ ነጋዴውም። እሷ ግን ከንፈሯ ነጥቷል። እየረገጠች ሳይሆን እየተጎተተች ላይ ደረሰች። አስተማሪው አባዛ፣ አካፈለ። አርባ።

"አርባ ሻማ" አለ አንዱ ልጅ። በቃ፣ ስሟ ሆኖ ቀረ።

አስተማሪው ቀልድ መስሎት ነበር። ቀልዱን ትተሽ በደንብ ድገሚው አላት። ደገመችው። ሁለተኛው ከመጀመሪያውም አነሰ። ለማርክ የሚሻለውን ልያዝልሽ ብሎ አርባውን ጻፈላት። እንዳዘነላት ያስታውቅ ነበር፤ ሌላ ምን እንደሚደረግ ግን እሱም አላወቀም።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ደብተሯን ተቀበልኳት። ዳገቱ ሥር ስንደርስ በጣቷ ስታሰላ ቆየችና "ስሚ እንጂ" አለችኝ፣ "ሰባት እኔ ነው አንቺ ውስጥ ያለው።"

"እንዴት?"

"ሰባት ጊዜ አርባ። አስቢው። እንግዲያ አንዷን አበድሪኝ።"

ከኋላዋ ሆኜ ጀርባዋን በሁለት እጄ ገፋኋት። እየሳቀች ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ ሁልጊዜ እንዲሁ ሆነ፤ ዳገቱ ሥር ስንደርስ ጀርባዋን ትሰጠኛለች፣ እኔ እገፋለሁ። መዳፌ ላይ ልቧ ይመታ ነበር። ከጀርባዋ በኩል፣ በልብሷ ላይ፣ እንደ ተያዘች ወፍ። የሁሉም ሰው ልብ ከኋላ እንዲያ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር።

እናቷ ግድ የለሽ አልነበረችም። ጉሮሮዋን ባመማት ቁጥር እንጥሏ ወርዶ ነው ብላ እንጥል ለሚቆርጡት ሴትዮ ወስዳታለች፤ እኛም ቤት ሁላችንም ያደግነው በሳቸው እጅ ነው። ጉልበቷ ሲያብጥ፣ ሕመሙ ከጉልበቷ ወደ ቁርጭምጭሚቷ፣ ከዚያ ወደ ክንዷ ሲዞር፣ ብርድ ነው ብላ ቅቤ ታሽላት፣ ጨርቅ አሙቃ ታስርላት ነበር። ዞር ዞር የሚል ሕመም ብርድ ነው ይባላል በኛ አገር። እናቴም እንዲሁ አለች፣ ጎረቤቱም ሁሉ እንዲሁ አለ። ሐኪም ያየው ሰው በመሀላችን አልነበረም።

ክረምቱ ሲገባ ዳገቱን መውጣት አይደለም፣ ከመደቡ መነሣት አቃታት። እግሯ አበጠ። ስትተኛ ስለሚያፍናት ተደግፋ ነበር የምታንቀላፋው። አንድ ጠዋት የሰፈሩ እድር፣ ቅሬው፣ ተጠራ። በኛ ዘንድ ቅሬ ሰው ሲሞት ብቻ አይደለም የሚሰበሰበው፤ የታመመም ይሸከማል። ክርስቲያኑም እስላሙም መጣ። አባቴ ከፊት ቀኝ በኩል ነበር። አራቱ ሲሸከሙ ሌሎቹ ቀድመው ይሄዱና ቆመው ይጠብቃሉ፤ ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ትከሻ በትከሻ ይቀባበሉታል። መሬት ማስነካት ለበሽተኛው ጥሩ አይደለም ይላሉ። ጭቃው ያንሸራትታል፤ የሚሰማው የሰዎቹ ትንፋሽና "ያዝ፣ ያዝኩ" ብቻ ነበር።

እኔ ከጎኗ እሮጣለሁ። ጋቢው ውስጥ ሆና አየችኝና ጠቀሰችኝ። ጆሮዬን አቀረብኩላት።

"ዛሬ እኔ ዎርክ አልሠራሁም" አለችኝ። "ለእነሱ ጻፉላቸው።"

ሳቅኩ። እውነት ነው የምልሽ፣ ሳቅኩ።

አስፋልቱ ዳር ደርሰን ወልድያ ሆስፒታል የሚያደርሳት መኪና ስንጠብቅ እናቷ ራሷን ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛት ነበር። እኔ እግሯ ሥር ተቀምጫለሁ። ትንፋሿ እያጠረ፣ እያጠረ መጣ። ከደሴ መስመር አንድ የጭነት መኪና ሲመጣ ሰዎቹ መሀል መንገድ ገብተው አስቆሙት። ሹፌሩ ወርዶ የኋላውን በር ሲከፍት፣ እናቷ "ተወው ወንድሜ" አለችው። እንዲሁ ቀስ ብላ። ተወው አለችው።

ለቅሶው ላይ አስተማሪው መጣ። ዳር ላይ ተቀምጦ ቆየ፤ ሲወጣ አጥሩ ጋ አገኘኝ። ምን ሊለኝ እንደፈለገ መጀመሪያ አልገባኝም። ጠመኔ የነካውን እጅጌውን እያሻሸ መሬት መሬት ያያል። "ያ አርባ ማርክ አልነበረም" አለኝ። "እኔ ግን እንደ ማርክ መዘገብኩት።" ይህን ብሎ ሄደ። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ንግግሩ የገባኝ ይኸው ከስንት ዘመን በኋላ፣ ከልጄ ጎን ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው፤ ያ አርባ የሕመሟ ምልክት ነበር። ጓደኛዋ ቁጥሩን ስልኳ ላይ አስልታ ልታሳያት ስትሞክር "ተዪው የኔ ልጅ" አልኳት። ቁጥሩን ማየት አላስፈለገኝም።

ቤት ስንገባ አማቴ፣ የባሌ እናት፣ አልጋው ላይ ነበሩ። ያየሁትን ነገርኳቸው። ባለፈው ወር ጉሮሮዋን ታማ እንደነበር፣ ከዚያ ጉልበቷ እንዳበጠ፣ ሕመሙ ሲዞር እንደሰነበተ እሳቸውም ያውቃሉ። እጃቸውን አነሡና ብርድ ነው፣ እንጥሏም ወርዶ ይሆናል፣ ነገ እንጥል ለምትቆርጠው ሴትዮ አሳዪያት አሉኝ። እኛም በዚያው አድገናል አሉ። ሐራ ከተማ ግንበኝነት ለሚሠራው ለባሌ ደወልኩ። እሱ ደግሞ ፈተና ሳምንት አይደለም እንዴ፣ ሲያልቅ ትሄዳላችሁ፣ አሁን ደህና እያወራች አይደል አለኝ። ሁለቱም ልጄን ይወዷታል። ያስፈራኝም ይሄው ነበር፤ ያችንም የገደላት የሚጠላት ሰው አልነበረም።

በአሥራ ምናምን ዓመት ትዳሬ አማቴን ተቃውሜ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን የልጄን ነጠላ እያነሣሁ "እማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ዛሬስ አንቱን አልሰማም" አልኳቸው። ልጄን ደግፌ ወጣሁ።

የወልድያ ሚኒባስ ሞልቶ ሊነሣ ሲል ደረስን። ረዳቱ ቦታ የለም ሲለኝ ልጄን አሳየሁት፤ አንድ ሰውዬ ተነሡላት። መስኮቱን ከፈትኩላትና ራሷን ትከሻዬ ላይ አደረገች። መንገዱ ሲታጠፍ ፀሐዩ አንዴ ፊቷ ላይ ይወድቃል፣ አንዴ ይሸሻል። ሰዉ ያወራል፣ ሬዲዮ ይዘፍናል። እኔ የምሰማው ትንፋሿን ብቻ ነው። ያ የጭነት መኪና፣ ያ የተከፈተ የኋላ በር ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ሹፌሩን ቶሎ በል ልለው እፈልጋለሁ፤ ደግሞ እሷ እንዳትሰማኝ እፈራለሁ።

"እማ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?" አለችኝ።

"ነፋሱ ነው" አልኳት።

ወልድያ ወርደን ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል ገባን። ያየቻት ሐኪም ወጣት ሴት ናት፣ ድምፀ ለስላሳ። ጉሮሮዋን ታማ ታውቃለች ወይ? መገጣጠሚያዋ አብጦ ነበር ወይ? አንዱ ሲሻላት ሌላው ያማት ነበር? ጥያቄዋን ሳትጨርስ አዎ እላለሁ። ከዚያ ቀዝቃዛ ነገር ደረቷ ላይ ቀብታ፣ የልቧን ምስል መስታወቱ ላይ አወጣችው። የልጄን ልብ አየሁት እህቴ። ጨለማ ውስጥ ትናንሽ በሮች ሲከፈቱ ሲዘጉ። እኔ የምችለውን ዱዓ ሁሉ አደረግኩ።

ከልቧ በሮች አንዱ ተቆጥቷል አለችኝ። የጉሮሮዋ ሕመም በደንብ ሳይታከም ቀርቶ ወደ መገጣጠሚያዋ፣ ከዚያም ወደ ልቧ ነው የሄደው። ትተኛለች፣ መድኃኒት ትወስዳለች። ከዚያ በየወሩ አንድ መርፌ ትወጋለች፣ ለዓመታት፤ መርፌው ካልተቋረጠ በሽታው ተመልሶ አይመጣባትም። ከዘገያችሁ በሩ ይበላሽ ነበር፣ አሁን ግን በጊዜ መጥታችኋል አለች።

ተኝታ ሰነበተች። እብጠቷ ጎደለ። ምግብ ጠየቀች። ባሌ ከሐራ መጥቶ ሲያያት ደጅ ወጥቶ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰ፤ ስለ ፈተናው ማንም አላነሣም። ከሥራ እንዳይባረር መልሰን ሰደድነው። አንድ ጠዋት ሐኪሟ ስታያት ቆይታ፣ ነገ ቤታችሁ ትገባላችሁ አለችን።

ያን ጊዜ ነው የጠየቅኳት። እስከዚያ ስለ ዴስክ ጓደኛዬ ለማንም አውርቼ አላውቅም ነበር። ኮሪደሩ ላይ ተከትያት ወጣሁና ስለ ትንፋሿ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ቃሬዛው ነገርኳት። "ይሄ መርፌ ያኔ ነበረ?" አልኳት።

እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

"ነበረ" አለችኝ። "ከዚያም በፊት ነበረ።"

ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። መርፌው መርሳ ጤና ጣቢያም ሳይኖር አይቀርም ነበር፤ ከዳገቱ ሥር፣ አገር ለማየት ስንቀመጥ ከሚታየው ቆርቆሮ ጣራ ሁሉ በአንደኛው ሥር። በየቀኑ ወደሱ እያየን ነበር የምናርፈው። ብዙ አለቀስኩላት። ልጅ ሳለሁ ያላለቀስኩት ነበር መሰለኝ።

በማግስቱ መርሳ ስንገባ አማቴ ደጃፉ ላይ ምንጣፍ አስነጥፈው ቁጭ ብለው ነበር የጠበቁን። ልጄን አገላብጠው ሳሟት። ከዚያ እኔን ቀና ብለው አዩና "እንኳን አልሰማሽኝ" አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ልጄ እግሯን ዘርግታ ከሳቸው ጎን ጋደም አለች። ሲወጓት እንዴት እንዳመማት እያጋነነች ስታወራላቸው፣ እሳቸውም ጣታቸውን እየነከሱ ሲያዳምጡ፣ ስልኬ ጠራ። ባሌ ነበር፤ ምን ሆናችሁ፣ ደረሳችሁ ወይ አለኝ።

"ቤት ገብተናል" አልኩት። "ልጅህ ተርፋለች። አልሐምዱሊላህ፣ ከአደጋው ወጥተናል።"